ዉፈሩ የሚቀመጥበት ቦታ

ጋሽ ዲኖ ሚስታቸው አሲያ ካረፈች ወዲህ የሰበታውን ቤታቸውን አከራይተው ቡራዩ ከልጃቸው ከሬሐና ጋር ይኖራሉ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ካለችው ወንበራቸው አይነሱም። ድምፁን ግን አይከፍቱትም። ጆሯቸው በጣም ስለደከመ ቢከፈትም ባይከፈትም ለእሳቸው ያው ነበር። ሐኪም ያዘዘላቸውን የጆሮ መሣሪያ ሁለት ሦስት ቀን አድርገው ሞከሩት፤ እንደ ትንኝ ሲጮህባቸው ጊዜ አውጥተው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ እዚያው ቀረ።

ሬሐናን ይበልጥ ያሳሰባት ዝምታቸው ነበር። አባቷ ሰበታ ሳሉ ሰው የማይጠግባቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። አሁን ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ምግብ ሲቀርብላቸው ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ዝም። እናቷ ስትሞት አባቷም ግማሽ መንገድ አብረዋት የሄዱ ይመስላት ነበር።

ባሏ ሙአዊያ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ትላልቅ ካርቶኖች አስጭኖ መጣ። ሆም ቴአትር ነበር። ትናንሾቹን ድምፅ ማጉያዎች በየቦታቸው ሰቀለና መሬት ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን ጥቁር ሳጥን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ጥግ ውስጥ ወሸቀው። ይህን ሳጥን ሻጮቹ ዉፈር ይሉታል፤ ከበሮውንና ነጎድጓዱን፣ ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ሙአዊያ የልቡን አልደበቀም፤ ጆሮ ባይሰማ እንኳን ይህን ሰውነት ይሰማዋል፣ ጋሼም እንደ ሰው ፊልም ያያሉ ብሎ ነበር የገዛው።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ከፈተው። የብፌው ብርጭቆዎች ተንጫጩ፣ የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ሙአዊያ ፊቱ በደስታ በራ። ጋሽ ዲኖ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ተነሡና ወደ በረንዳው ወጡ።

ሬሐና ተከትላቸው ወጣች። ረብሿቸው እንደሆነ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አልረበሸኝም» አሉ። «ቤቱን ነው የነቀነቀው፤ እኔ ጋ አልመጣም። ጥግ ስለተወሸቀ ሁሉንም አንድ ላይ ያጓራዋል። ከበሮው ከነጎድጓዱ አይለይም። ነገ እኔ ላስቀምጠው?»

ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ረዘም አድርገው ሲናገሩ መስማቷ ነበር። በጨለማው ውስጥ ፊታቸውን ለማየት ሞከረች። እሳቸው ወደ ገፈርሳ በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ እያዩ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሙአዊያ ሱቅ አልሄደም። ከዕቃው ጋር የመጣችውን መምሪያ ገልጦ ሥዕሉን አሳያቸው፤ ሥዕሉ ላይ ዉፈሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው። ጋሽ ዲኖ ሥዕሉን በደንብ አዩና መምሪያዋን መለሱለት።

«ወንበሬ ላይ አውጣልኝ» አሉት።

ሙአዊያ ዉፈሩን ማለታቸው እንደሆነ ቢገባውም የት እንደሚፈልጉት ግን አልገባውም ነበር። የሚቀመጡባት ወንበር ላይ፣ ትራሱ ላይ እንዲያስቀምጥላቸው በእጃቸው ጭምር አሳዩት። ሚስቱን አያት፤ እሷ እንዳሉህ አድርግ የሚል ምልክት ሰጠችው። ተሸክሞ አስቀመጠው። ቀጥሎ ደግሞ የማያቋርጥ፣ አንድ ዓይነት የሆነ ወፍራም ድምፅ እንዲያጫውቱላቸው ጠየቁ። ሙአዊያ ስልኩ ላይ ፈልጎ ለመሞከሪያ የተሠራ ድምፅ አገኘ። ከሩቅ እንደቆመ የጭነት መኪና ሞተር «ሁምምም» የሚል ነገር ነበር።

ጋሽ ዲኖ ኮታቸውን አወለቁ። የሶፋውን ጠርዝ ይዘው ተንበረከኩ። ከዚያ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ በግድግዳው ሥር ጉዞ ጀመሩ።

ሙአዊያ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ኧረ ይነሡ፣ እኔ ልጎንበስልዎት» አለ። አልሰሙትም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። ትንሽ ይሄዱና ይቆማሉ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፣ ደረታቸውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። መስኮቱ ሥር ሲደርሱ ቀና ብለው ሬሐናን አዩዋትና «እዚህ የለም» አሏት።

እንዴት የለም ይላሉ፣ ቤቱ በሙሉ እየጮኸ! ሬሐና ሻሿን ወደኋላ አስራ አጠገባቸው ተንበረከከች። እውነትም የለም። አንድ ሰው ድምፁን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ክዳን የገጠመበት ይመስል ነበር። ትንሽ ወደ ግራ ዳኸች፤ ተመለሰ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ጥርሷን እስኪያንቀጠቅጣት አበደ። አባቷ ነገሩን በአጭሩ ነገሯት፤ ዉፈሩ እኔ ቦታ ተቀምጦ እኔ ከዚህ በደንብ ከተሰማኝ፣ ቦታ ስንለዋወጥም እንደዚያው ይሰማኛል፤ ዕቃውን እየተሸከሙ ቤት ከመዞር ሰውየው ቢዞር ይቀላል አሏት።

ይሄኔ ሙአዊያም መምሪያዋን ጥሎ ወረደ። ሦስት ሰው ሳሎን ውስጥ እየዳኸ «እዚህስ?» «እዚህ ወፍሯል»፣ «እዚህ ደህና ነው» ይባባላል። ሬሐና ባሏ በቦርጩ ከብፌውና ከሶፋው መሐል ተቀርቅሮ ወደኋላ መመለስ ሲያቅተው አየችና ሳቀች። መጀመሪያ አፏን ይዛ ነበር፤ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሽ ዲኖ ሳቋ አይሰማቸውም፤ ግን ትከሻዋን ሲያዩ እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ።

ድምፁን አጠፉና ሦስቱም ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሬሐና ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀች።

«እናትሽ» አሉ ጋሽ ዲኖ።

ቀልድ መሰላት። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ማውራት ጀመሩ።

ያኔ ጋሽ ብሎ የሚጠራው አልነበረም፤ ዲኖ ብቻ ነበር። ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ሰበታ ገበያው አጠገብ ከአጎቱ ሱቅ ጀርባ የነበረውን የእህል መጋዘን ተከራይቶ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ረጅም የጭቃ ቤት ነበር፤ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ደረደረበት፣ ከወደ ፊት ቴሌቪዥኑንና የቪዲዮ ዴኩን ከፍ አድርጎ ሰቀለ። አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ደግሞ አናጢ ሳጥን አሠርቶለት በስተግራ ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ አቆመው። የሕንድ ፊልም ሲያሳይ ከዓለም ገና ጭምር ሰው ይመጣ ነበር።

የሕንድኛውን ቋንቋ ግን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። አንድ የገበያ ቀን ከተጂ በኩል ጤፍ ጭኖ የመጣ ኢቲቻ የሚባል ወጣት ገበሬ ፊልሙን ሊያይ ገብቶ ሳለ፣ ከኋላው የተቀመጡ ሴትዮ ልጅቷ ምን እያለች ነው ብለው ጠየቁ። ኢቲቻ ዞሮ ነገራቸው። ቀጥሎ ልጁ የመለሰላትን ነገራቸው። ፊልሙ ሳያልቅ እፊት ቆሞ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ለቤቱ ሁሉ ይተረጉም ነበር። እሱም ቢሆን አንድ ቃል አያውቅም፤ የሰዎቹን ፊት እያየ ነው የሚናገረው። ዲኖ ይህን ሲያይ ማይክሮፎን ገዛለት፤ ድምፁም በትልቁ ማጉያ መውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግማሹ ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ይሁን ለኢቲቻ አይታወቅም ነበር።

ከግድግዳው ማዶ የሐጂ አክመል ግቢ ነው። ሐጂ አክመል የተከበሩ የእህል ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጡና ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስሰግድ ግድግዳው ይመታኛል አሉት። ዲኖ አፈረ። የዚያኑ ዕለት ፊልሙን መሐል ላይ አቋርጦ ማጉያውን ወደ መንገዱ በኩል አዞረው።

ችግር መጣ። አዲሱ ቦታ ላይ እፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮውን ይይዛል፣ እኋላ የተቀመጠው ምንም አልሰማሁም ይላል። ኢቲቻም ድምፄ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለኝ ብሎ አማረረ። ዲኖና አናጢው ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሳጥኑን ከቦታ ቦታ እየጎተቱ ይሞክራሉ፤ ወገባቸው ተቆረጠ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን የሐጂ አክመል ልጅ አሲያ ሳሙና ልትገዛ ወደ አጎቱ ሱቅ መጣች። የዚያን ሰዓት ሱቁን የያዘው ዲኖ ነበር። ሳሙናውን ከተቀበለች በኋላ አልሄደችም። ዓይኗን ሚዛኑ ላይ ተክላ «ያ ልጅ ወንድሙን አገኘው?» አለችው።

የትኛው ልጅ እንደሆነ ዲኖ አልገባውም።

«ያን ቀን ድምፁን ከእኛ ያነሣኸው መሐሉ ላይ ነው» አለች። «ወንድሙ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

ለካ ስንት ወር ሙሉ ማድ ቤታቸው ውስጥ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ምስር እየለቀመች ፊልሙን በኢቲቻ አፍ ስትከታተል ኖራለች። ቪዲዮ ቤት ልትገባ ቀርቶ በበሩ ልታልፍ አይፈቀድላትም ነበር፤ ግድግዳው ግን የሁለቱም ቤት ነው። ዲኖ ልጁ ወንድሙን ማግኘቱን ነገራት። እንዴት እንዳገኘው ጠየቀችው፤ ያንንም ነገራት። በሚቀጥለው ሳምንት ክብሪት ልትገዛ መጣች።

«ሳጥኑን እየጎተትኩ መሞከሩን ያን ዕለት ተውኩት» አሉ ጋሽ ዲኖ። «እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ሄጄ ማዳመጥ አልችል። ስለዚህ ሳጥኑን እሷ ከምትቀመጥበት ግድግዳ ጋር አስጠጋሁና እኔ በሆዴ እየተሳብኩ ቤቱን አዳረስኩት። ከማድ ቤቱ በኩል የሚደርስ፣ ሐጂ የሚሰግዱበት ጋ የማይደርስ፣ አግዳሚው ላይ ላለው ሰውም የሚበቃ ቦታ ነበር የምፈልገው።»

አገኘውም። ማጉያውን መልሶ ወደ ሐጂ ግድግዳ አመጣው፤ ግን ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ወደ ማድ ቤቱ በኩል። ፊቱን ደግሞ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ግድግዳውን ተከትሎ እንዲያይ አዞረው፤ ከሥሩ አሸዋ የሞላ ጆንያ አነጠፈለት። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ፊልሙን ማቆምም ልማድ አደረገ። ሐጂ አክመል መንገድ ላይ ሲያገኙት አላህ ይስጥህ፣ ዐረፍን ብለው መረቁት፤ እሱ መሬት መሬት እያየ አሜን አለ።

አሲያን እንዲሰጡት ሽማግሌ ሲልክ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኢቲቻ ነበር። ሐጂ አክመል ሁሉንም በአክብሮት ተቀብለው የመጡበትን ሰሙ። ኢቲቻ ተራው ደርሶ ሲናገር ግን እጃቸውን አነሡና አስቆሙት። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ሴት የሚያለቅሰው አንተ ነህ?» ኢቲቻ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሬሐና ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። እናቷን ስትጠይቃት ጎረቤት ነበርን ከማለት አልፋ አትነግራትም ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። እናቷ ቴሌቪዥን ሲከፈት ስክሪኑን አታይም ነበር። ግድግዳው ሥር ትቀመጥና ጭንቅላቷን አስደግፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሬሐና ሁልጊዜ እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላት ነበር፤ ሄዳ አልጋሽ ላይ ተኚ ስትላት እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ ትላለች። ይህን ለአባቷ መንገር ፈለገች፤ ግን ጮኻ የምትናገረው ነገር ስላልመሰላት እጃቸውን ያዘች።

ሙአዊያ ሥራችንን እንጨርስ አለ።

ለጋሽ ዲኖ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ፣ ረጅሙ ግድግዳ ሥር ሆኖ ተገኘ። ዉፈሩን እዚያ አስቀመጡና ፊልም ከፈቱ። ጋሽ ዲኖ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መጣ አሉ። ለሬሐና ግን የሰዎቹ ንግግር በወፍራሙ ድምፅ ተውጦ አልሰማ አላት። አባቷ ይቀነስ ሲባሉ እሺ አሉ፤ ሲቀነስ ደግሞ ለእሳቸው ጠፋ። እንዲህ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ሙአዊያ ከኋላው ጎንበስ ብሎ አየና ሳጥኑ ከኋላ ክብ ቀዳዳ እንዳለው፣ ቀዳዳው ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ አሳያቸው። መኪና ላይ የጭስ መውጫ ሲደፈን የሚሆነው ነገር ነው አለ። ከግድግዳው አራቀው። ጋሽ ዲኖ ደግሞ ፊቱን ከሶፋው መልሰው ወደ መጋረጃው በኩል፣ ግድግዳውን ተከትሎ እንዲያይ አዞሩት። ድምፁን ዝቅ አደረጉት። ይሄኔ የከበሮው ምት እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ለስለስ ብሎ መጣ፤ ንግግሩም ጠራ። ሬሐና እጇን በአባቷ ወንበር መደገፊያ ላይ ብታሳርፍ እንጨቱ ውስጥ የሚሄድ ነገር ተሰማት።

ሳሎኑ ግን ሳሎን መምሰሉ ቀረ። ከመኝታ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ሳጥኑ ያደናቅፈዋል፤ ሽቦው በመተላለፊያው ያልፋል። ሙአዊያ አጉረመረመ። ከሰዓት በኋላ ግን ገበያ ወጥቶ ረዘም ያለ ሽቦ ገዛና በጣሪያው ጠርዝ አዙሮ አወረደው። ብፌውንም ጎትቶ ከዚያ ግድግዳ አስለቀቀው። እንግዳ መጥቶ ይሄ ነገር ለምን እዚህ ተቀመጠ ሲል፣ እዚህ ነው የሚቀመጠው ብሎ ከመመለስ ሌላ ማብራሪያ አይሰጥም ነበር።

ጋሽ ዲኖ ጥቂት በጥቂት መናገር ጀመሩ። ስለ ሰበታ፣ ስለ ዝናብ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ስለሚረባረቡት ደንበኞች። በየወሬው መሐል ኢቲቻ አለ። ቪዲዮ ቤቱ ሰው ሁሉ በየቤቱ ዴክና ዲሽ ሲያስገባ ተዘጋ፤ ኢቲቻም ወደ እርሻው ተመለሰ። መጨረሻ የተገናኙት በአሲያ ለቅሶ ላይ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ኢቲቻ የሚናገሩት ለጋሽ ዲኖ አልሰማ ስላላቸው ዝም ብለው ተቀምጠው ተለያዩ።

ሬሐና ለአባቷ ሳትነግር የኢቲቻን ስልክ ቁጥር አፈላልጋ ደወለች። አሁን በኦሮምኛ ኦቦ፣ ማለትም አቶ፣ የሚባሉት ኢቲቻ መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቋትም። ስታስረዳቸው የአሲያ ልጅ ብለው ደጋግመው ጠሯት። እንዲመጡ ለመነቻቸው።

በጥር ወር አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ መጡ። ከተጂ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና ቡራዩ በሚኒባስ ሲቀያይሩ የተነሡት ገና ሳይነጋ ነበር። ከዘራቸውን በአንድ እጃቸው፣ በሌላው ደግሞ ከማሳቸው ነቅለው ያመጡትን የሽምብራ እሸት ይዘዋል። ጋሽ ዲኖ በሩ ላይ ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ዲኖ፣ ነጋዳ?» ብለው ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቁ።

ጋሽ ዲኖ አፋቸውን አይተው «ነጋ፣ ነጋ» ብለው መለሱ። ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ብዙ ጊዜ ተሳሳሙ።

ምሳ ከተበላ በኋላ ሙአዊያ አንድ የቆየ የሕንድ ፊልም ከኢንተርኔት ፈልጎ ከፈተ። ኦቦ ኢቲቻ መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አላስቻላቸውም፤ ወደ ዲኖ ጆሮ ጠጋ ብለው ይቺ እኮ እናቱ ናት አሉ። ጋሽ ዲኖ አልሰሙም። ሙአዊያ ነገሩ ገባውና ሆም ቴአትሩ ማይክሮፎን መሰኪያ እንዳለው አስታወሰ። ከጎረቤት ማይክሮፎን ተውሶ መጣ። ኦቦ ኢቲቻ አላደርገውም ብለው ተግደረደሩ፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ነበር።

ድምፃቸው በእርጅና ጭራሽ ወፍሯል። ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ዉፈሩ ተቀበለው። ጋሽ ዲኖ ደረታቸውን ያዙ። ቃል በቃል ሰምተው ይሁን ወይም የእጅ እንቅስቃሴያቸውን አይተው ሬሐና አታውቅም፤ ኦቦ ኢቲቻ ሲያስቁ ይስቃሉ፣ ሲቆጡ ይኮሳተራሉ።

ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ትርጉም የምታነበው ሬሐና ብቻ ነበረች። ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ቤቱን ልሸጥ ነው ሲል ኦቦ ኢቲቻ ልጅቷን ስጡኝ አለ ብለው ተረጎሙ። ልጅቷ ከተማ ሄጄ ልማር ስትል እሳቸው የእናቷን ወርቅ አጥታ ትፈልጋለች አሉ። አንድም የሚገጥም ነገር አልነበረም፤ ሁለት ፊልም የምታይ መሰላት። ጥቂት ቆይታ ሪሞቱን አነሣችና ጽሑፉን አጠፋችው። ከዚያ በኋላ የነበረው ፊልም አንድ ብቻ ነበር፤ ይሻልም ነበር።

ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሴት ታማ አልጋ ላይ ተኝታ ታየች። ቤተሰቡ ከብቧታል፤ ከበሮ በዝግታ ይመታል። የሴትዮዋ ዓይን ሲከደን ኦቦ ኢቲቻ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አራቁ። ወደ ዲኖ አዩ። ከበሮው ብቻውን በወንበሩ እንጨት ውስጥ ይሄድ ነበር።

«ምነው? ተናገር እንጂ» አሉ ጋሽ ዲኖ።

ኦቦ ኢቲቻ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው «ደክሟት ነው፤ ትንሽ ልተኛ ነው ያለችው» አሉ።

ጋሽ ዲኖ ስክሪኑን አዩ። ሰዎቹ ነጫጭ ልብስ ለብሰው ያለቅሳሉ። ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

«አይደለም ኢቲቻ። ሄዳለች» አሉ። «ግን እያቸው፣ ሁሉም አጠገቧ ነው። ብቻዋን አልሄደችም።»

ኦቦ ኢቲቻ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ማይክሮፎኑን መልሰው አነሡና «ዴምቴ» አሉ፤ በኦሮምኛ ሄደች ማለታቸው ነው። ቃሏ በሳጥኑ በኩል አልፋ ቤቱን ሞላችው። ጋሽ ዲኖ እሺ አሉ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ቀጥልም አሉት። ሬሐና ብርጭቆ ላነሣ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። እዚያ ቆማ የኦቦ ኢቲቻን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማችው፤ የፊልሙ ልጅ ስለ ማደጉ፣ ስለ መዳሩም፣ መሬቱንም ስለ ማረሱ ይናገሩ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦቦ ኢቲቻ መሄድ አለብኝ አሉ፤ ከብቶቹን የሚያስገባላቸው ጎረቤት ስለሆነ እንዳይመሽባቸው ሰግተዋል። እንዲያድሩ ቢለመኑም እሺ አላሉም። ጋሽ ዲኖ ኮታቸውን ለበሱና እስከ ታክሲ መያዣው ልሸኘው አሉ። ቡራዩ ከመጡ ወዲህ ከሰፈሩ ወጥተው በእግራቸው ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበር። ሬሐና ትንሽ ራቅ ብላ ተከተለቻቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ሚኒባስ መጣ፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየጠራ ቆመ። ኦቦ ኢቲቻ አንድ እግራቸውን አነሡና ጋሽ ዲኖ የሆነ ነገር ሲነግሯቸው መልሰው አወረዱት። ሚኒባሱ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሞልቶ ሄደ። ረዳቶቹ አባቶች ትሄዳላችሁ አትሄዱም ብለው ይጠይቃሉ፤ ሁለቱ ግን አንገት ለአንገት ገጥመው፣ አንዱ በሌላው ጆሮ እየጮኸ፣ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ነበር። ሬሐና ከመንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለመሄጃው ገና ጊዜ አለ ብላ አሰበች።